ግራ አርባ ሁለት፣ ቀኝ አርባ አንድ

ሕመሜ የጀመረው ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ሳላውቀው ስቀር ነው። ቡታጅራ ውስጥ ጫማ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ካርቶን ከመደርደሪያ አውርጄ ወደ ደንበኛዬ ስመለስ፣ ሴትየዋ እግሬን እያየች «ጋሼ ከድር፣ አንዱ ሰንደልዎ እዚያ ቀረ እኮ!» አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ የግራ እግሬ ሰንደል ከመደርደሪያው ሥር ወድቋል። በባዶ እግሬ ሲሚንቶ ላይ ቆሜያለሁ፤ ቅዝቃዜው አይሰማኝም። ሁለታችንም ሳቅን። ጫማ ሻጭ ጫማው ጠፋበት ብላ ቀለደችብኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ቃሉ ምላሴ ላይ ተንከባለለ እንጂ አልወጣም።

ከዚያ ካርቶኑ ወደቀ። የጣለው ግራ እጄ ነው። ላነሣው ጎንበስ አልኩ። አልተነሣሁም።

ጎረቤቶቼ ደግ ሰዎች ናቸው። ስህተታቸውን የምጽፈው ልወቅሳቸው ብዬ አይደለም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። አፌ ወደ አንድ ጎን መጣመሙን ሲያዩ «ነፋስ መትቶት ነው» አሉ። ቤቴ ወሰዱኝ። ቅቤ ቀቡኝ፤ በጋቢ ሸፈኑኝ። ማር በጥብጠው ሲያጠጡኝ ትን አለኝና ትንፋሼ ሊቆም ነበር። ባለቤቴ ነፊሳ ከእህቷ ቤት ስትመለስ ቀኑ ተጋምሷል። በሩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ አየችኝ። «ይሄ ነፋስ አይደለም! መኪና አምጡ!» ብላ ጮኸች። ነፊሳ ባትደርስ ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

ሆስፒታል ደረስን። ነርሷ ደም ግፊቴን ለካች። ደግማ ለካች። ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ሐኪሙ መጣና አልጋዬ ጫፍ ላይ ቆመ።

«ስትሮክ ነው» አለ። «ወደ ቀኝ አንጎልዎ ደም የሚወስድ ቧንቧ ተዘግቷል። ግራ ጎንዎ አልታዘዝ ያለው ለዚህ ነው። የግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር?»

እወስድ ነበር። ደህና ነኝ ብዬ ካቆምኩት ወራት ሆኖኛል። ነፊሳ ይህን የሰማችው ያኔ ነው። የወደቀውን ጋቢ አንሥታ አለበሰችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አብዱ መንገር አለብኝ፤ ሁሉም ነገር የዞረው በእሱ ነውና። አብዱ የሟች ወንድሜ ልጅ ነው፤ አምስት ዓመቱ ላይ ወደ እኔ ቤት መጥቶ ከልጆቼ ጋር አደገ። ጓደኛው የጠፋበትን አንድ እግር ጫማ እኔ «የቲም» ነበር የምለው፤ ወላጅ የሌለው ማለት ነው። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ «ያንን የቲም አቀብሉኝ» ስል ትንሹ አብዱ ቀና ብሎ አየኝ። ምላሴን ነከስኩ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከአፌ አልወጣም። ጥንድ የሚያፈርስ ሠራተኛም ሱቄ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ደንበኛ አንድ እግር ብቻ ሽጥልኝ ብሎ ቢለምነኝ በጄ አልልም።

አብዱ አድጎ እንሴኖ መምህር ሆነ፤ እዚያው የሀጂ ሽኩርን ልጅ ወደደ። ከመታመሜ በፊት ሽማግሌ ሆኜ ልጠይቅለት ቃል ገብቼለት ነበር። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። የልጅቷም አባት ተነሥቶ፣ ቆሞ ይቀበላል፤ «እሺ» ሳይባል የሚቀመጥ የለም። እኔ ደግሞ መቆም አልቻልኩም።

አብዱ «ሌላ ሰው ይሂድልኝ» ቢለኝ አልቀየመውም ነበር። እሱ ግን የሞተውን እጄን ይዞ «አባ፣ እስኪሻልህ እጠብቃለሁ» አለኝ። አንጀቴን በላው። ወደ ግድግዳው ዞሬ ልጁ ሳያየኝ አለቀስኩ።

የሰውነት እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ፊዚዮቴራፒስት ስሟ ትዕግሥት ነው። ስሟን ማን እንዳወጣላት አላውቅም፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር በአጠገቧ አላለፈም። «ይነሡ! ይድገሙ! እኔን አይዩኝ፣ እግርዎን ይዩ!» ስትል መላው ክፍል ይሰማል። በልጄ ዕድሜ ያለች ልጅ እንዲህ ስታዘኝ መጀመሪያ ደሜ ይፈላ ነበር። ቆይቶ ገባኝ፤ ከሁሉም በሽተኛ ጋር የምትነሣውና የምትቀመጠው እሷው ነች፤ ከሰዓት ሲሆን ወገቧን ይዛ ነው የምትቆመው። ወላሂ፣ እንደ እሷ የምትሠራ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ከእሷ ጋር ሆኜ መጀመሪያ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ቆምኩ፤ ከዚያ ምርኩዝ ይዤ ክፍሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ።

አካሄዴ ግን አካሄድ አይባልም። የግራ እግሬ ጣቶች መሬት ስለሚጎትቱ እግሬን ወደ ውጭ አዙሬ፣ እንደ ማጭድ እየጠረግኩ ነው የምራመደው። ምንጣፍ ጫፍ ያሰናክለኛል፤ የበር ደፍ ያሰናክለኛል። ትዕግሥት አንድ ቀን አስቀምጣኝ እግሬን በእጇ ይዛ አስረዳችኝ።

«ጋሼ፣ ዳሌዎ መጥቷል፤ ጉልበትዎም መጥቷል። የቀረው ቁርጭምጭሚትዎ ነው። እግርዎን ሲያነሡ ጣቶችዎ ወደ ላይ መነሣት ሲገባቸው ይንጠለጠላሉ። ፉት ድሮፕ ይባላል። ኤኤፍኦ ያስፈልግዎታል።»

ኤኤፍኦ ከጉልበት በታች ጀምሮ በባት በኩል ወርዶ፣ ተረከዝን አቅፎ እስከ ጣት ድረስ የሚዘልቅ የፕላስቲክ ድጋፍ ነው። ጫማ ውስጥ ይገባል። እግሩ እንዳይንጠለጠል ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ይህን ስትነግረኝ ተቆጣሁ። «ገበያተኛው ከድር ሽባ ሆነ እንዲል ነው?» አልኳት። እሷም ቀጥ ብላ አይታኝ «ሲወድቁ ሲያዩዎት ምን የሚሉ ይመስልዎታል?» አለችኝ።

ድጋፉን የሚሠራ ባለሙያ ወልቂጤ አለ ተባልንና ከነፊሳ ጋር ሄድን። ጋሽ ወልዴ ይባላል፤ የእምድብር ሰው፣ ሸምገል ያለ፣ ቁጥብ። ጠባብ ክፍል ውስጥ በጄሶ ነጭ የሆነ ሽርጥ አድርጎ ይሠራል። ሰላምታ ሰጠንና መጀመሪያ የጠየቀን ነገር ያደረግኩትን ጫማ ነው። አውልቄ ሰጠሁት። ገልብጦ ሶሉን አየና በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ «ግራው ጫፉ ላይ አልቋል፤ የውጭ ጎኑም ተበልቷል። ቁርጭምጭሚትህ ወደ ውስጥ ይዞርብሃል። ከሰው ጋር እያወራህ ስትሄድ ይብስብሃል፤ አይደል?» አለኝ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ጫማ ገልብጬ የማይ ሰው ነኝ፤ ጫማዬን ገልብጦ ያነበበኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ያን ጊዜ ኩራቴ ተነፈሰ፤ እግሬን ዘርግቼ ሰጠሁት።

ሥራውን ቁጭ ብዬ አየሁ፤ የእጅ ባለሙያ ማየት እወዳለሁ። አጥንቴ ጎላ ያለባቸውን ቦታዎች በእርሳስ ምልክት አደረገባቸው። የራሰ የጄሶ ፋሻ ከጣቴ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጠቀለለና ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ እስኪደርቅ ያዘው። ያን ሁሉ ጊዜ አልተናገረም፤ እኔንም «አታውራ» አለኝ። ሲደርቅ ቀዶ አወጣው። በዚያ ቅርፊት ውስጥ ጄሶ አፍስሶ የእግሬን ምስል ያወጣል፤ ፕላስቲኩን ምድጃ ውስጥ አለስልሶ በዚያ ምስል ላይ ያለብሰዋል፤ ይቆርጠዋል፤ ይሞርደዋል። በሳምንቱ ስንመለስ የነጣውን የጄሶ እግሬን ከመደርደሪያው ላይ አየሁት። በልጅነቴ የወጋኝ እሾህ የተወው ጠባሳ ሳይቀር አለ። ነፊሳ አፏን በእጇ ይዛ «ያ ረቢ፣ ይሄ ያንተው ነው!» አለች።

ድጋፉን አስገባልኝ፤ ማሰሪያውን ባቴ ላይ አጠበቀ። የምሄድ መስሎኝ ስነሣ አስቀመጠኝና አወለቀው። ቆዳዬን አየ። ቀላ ያለበትን ቦታ በምልክት ያዘና ሄዶ ሞረደው። መልሶ አስገባ። እንዲህ እያደረገ አራት ጊዜ ተመላለሰ። በአምስተኛው ከላዩ ሰፋ ያለ ጫማ አደረገልኝና «በል፣ ሂድ» አለኝ።

ሄድኩ። ጣቴ አልተጎተተም። እግሬ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ አረፈ፤ ተረከዙ ቀድሞ። ከግድግዳ ግድግዳ ሄጄ ስዞር ነፊሳ ታለቅሳለች። ጋሽ ወልዴ ግን ፊቴን አላየም። የሚያየው እግሬን ነው፤ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሌላው ሥራው ዞረ። እጁን ልስም ስል «የትዕግሥትን ትእዛዝ ጠብቅ፤ ምስጋናው እሱ ነው» አለኝ።

ትእዛዙ ይህ ነበር። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት፣ ቀስ በቀስ እየጨመሩ። ረዥም ካልሲ ሳይታጠፍ ከሥር። በወለቀ ቁጥር ቆዳን ማየት፤ ቅላቱ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ካልጠፋ ወደ ሠሪው መመለስ። ፀሐይ ላይና እሳት አጠገብ አለመተው። እና ያለ ጫማ በፍጹም አለመቆም።

የመጨረሻዋን ነው የጣስኳት። እኛ ቤት ጫማ ደጅ ይወልቃል፤ ምንጣፉ ላይ ይሰገዳልና። ሃምሳ ዓመት የለመድኩትን አንድ ልጅ ከለከለችኝ ብዬ ላቆም? ሰፋ ያለውን ጫማ በር ላይ አወለቅኩና ድጋፉን ብቻ እንዳደረግኩ ገባሁ። ላስቲክ ምንጣፉ ላይ ፕላስቲኩ ሸርተት አለ። ጎኔ መሬት መታ። አገጬ ተሰነጠቀ።

ትዕግሥት አገጬን አይታ የተናገረችኝን ሁሉ አልጽፈውም። ዋናው ግን ይህ ነው፤ «ጋሼ፣ ድጋፉ ብቻውን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ጫማው ነው። ጫማ ሻጭ ሆነው ይሄ እንዴት ጠፋዎት?» አለችኝ። ሐቅ ነው። ሐኪም ቤት ሄጄ የራሴን ሙያ ተማርኩ። ጫማው መሬት የነካ ከሆነ ቤት አይገባም፤ መሬት ያልነካ ከሆነ ግን ማን ይከለክለዋል? የቤት ውስጥ ብቻ የሚሆን፣ ሶሉ የማይሸራተት፣ ገና ከካርቶን ያልወጣ ጫማ ያስፈልገኛል ማለት ነው። ለመስጂድ አልተቸገርኩም፤ እዚያ ደጁ ላይ ድጋፉን አወልቅና አብዱ ወይም ጎረቤት ይዞኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሰግዳለሁ።

ችግሩ ቁጥሩ ነው። እግሬ አርባ አንድ ነው። ድጋፉ ያለበት እግር ግን አርባ ሁለት ካልሆነ አይገባም። አርባ ሁለት ቀኜ ላይ ሳደርግ ደግሞ ይወልቅብኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ሁለት ካርቶን ፊቴ ከፍቼ ለረዥም ጊዜ ተቀመጥኩ፤ አንድ ዓይነት ጥቁር ጫማ፣ አንዱ አርባ አንድ፣ አንዱ አርባ ሁለት። ነፊሳ ምሳ ዕቃ ልትወስድ መጥታ አየችኝ። «ምን ታስባለህ? ሽማግሌ ልትልክ ነው?» አለችኝ። ግራውን ከአንዱ፣ ቀኙን ከሌላው ወሰድኩ። የቀሩትን ሁለቱን አንድ ካርቶን ውስጥ ከተትኩና ላዩ ላይ፣ ስንት ዓመት ያልጠራሁትን ቃል፣ «የቲም» ብዬ ጻፍኩ። ሆድ ባሰኝ፤ ለጫማ ሆድ ሲብሰኝ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን መቆም እችላለሁ። «እንመጣለን» ብለን ወደ እንሴኖ መልእክት ላክን። «ሀጂ አይመቻቸውም» ተባልን። ወር ጠብቀን ደግመን ላክን። አሁንም አይመቻቸውም። የአብዱ ፊት እየከሳ ሄደ። እኔ እንደሆንኩ ጤና ቢጎድለኝም ቁጣዬ አልጎደለም። «ሽባ ሽማግሌ ቤታችን አይገባም ማለታቸው ነው! እዚያው ደጃቸው ሄጄ እቆማለሁ!» አልኩ። ነፊሳ «አገጭህ ዳነ መሰለኝ» አለችኝ፤ ግን ልብሴን ተኩሳ አዘጋጀችልኝ።

ከሁለት ሽማግሎች ጋር ሳንጠራ ሄድን። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ፣ የቤት ውስጡን ጫማ ከፌስታል አውጥቼ ቀየርኩ። «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለን ገብተን ሦስታችንም ቆምን። ሀጂ ሽኩር ግድግዳ ተደግፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ላይ ብርድ ልብስ አለ። ሰላምታውን ዝግ ብለው መለሱ።

አልተነሡም።

ጠበቅን። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ሀጂ አልተነሡም። ቀኝ እግሬ ሲደክም ክብደቴን ወደ ግራው አዛወርኩ፤ ድጋፉ ነው ያቆመኝ። ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ «ይድገሙ!»፣ የአብዱ መጠበቅ አንድ ላይ ደረቴ ላይ መጣ።

«ሀጂ» አልኩ፤ «እዚህ ለመቆም ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ለእርስዎ ለመነሣት ስንት ይፈጅብዎታል?»

አብረውኝ የመጡት ደነገጡ። የሀጂ ባለቤት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሀጂ በግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን ገለጡት። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል። የቀኝ እግራቸው ጣቶች ወደ መሬት ተንጠልጥለዋል።

«እኔ... ዓመት... ሊሆነኝ ነው» አሉ። ቃሉ አንድ በአንድ፣ በግድ ነው የሚወጣው። «ቆሜ ካልተቀበልኩ... ልጄን አዋርዳታለሁ... ብዬ ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁለት ቤት፣ ሁለት ሰው። እኔ ቆሜ ካልጠየቅኩ ብዬ ስደበቅ፣ እሳቸው ቆሜ ካልተቀበልኩ ብለው ተደብቀዋል። በመካከል ልጆቹ ይቀልጣሉ። ሀጂም እንደ እኔ «ነፋስ ነው» ተብለው ቤት ውስጥ ቀርተዋል፤ ሐኪም ቤት የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው። ልጃቸውንም ለአብዱ እንኳ እንዳትናገር አስምለዋት ኖሯል።

«እሺ» ሳይባል ተቀመጥኩ። ያደግኩበት ወግ ይቅር ይበለኝ፤ ቁጭ አልኩ፤ ፍራሹ ላይ፣ አጠገባቸው። ሱሪዬን ሰብስቤ ድጋፉን አሳየኋቸው። ተጣባቂ ማሰሪያውን ጭርር አድርጌ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። በደህናው እጃቸው ዳሰሱት።

«ይሄ ነው... የሚያስሄድህ?»

«ይሄና ጫማው። ሀጂ፣ ቁጥርዎ ስንት ነው?»

«አርባ አንድ።»

ሳቄ መጣ። እንባዬም መጣ። ሽማግሎቹ አንጎሌ ዳግም የተነካ መሰላቸው። ግራ አርባ አንድ፣ ቀኝ አርባ ሁለት፤ ያ ካርቶን ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀው እሳቸውን ነበር።

ሀጂ «እሺ» አሉን፤ ግን የጋብቻው ውል፣ ኒካሁ፣ እሳቸው ቆመው እስኪቀበሉን ድረስ እንዲቆይ ለመኑን። አብዱ ይህን ስነግረው «እጠብቃለሁ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። ትዕግሥት ሀጂንም ተቀበለቻቸው። እንደ እኔ ቶሎ አልሄዱም፤ ዓመት የተኛ ጡንቻ ቀላል አይደለም። ሀጂ መሆናቸውም አላዳናቸውም፤ «ይድገሙ!» ተብለዋል። ከዚያ ወልቂጤ ይዣቸው ሄድኩ። ጋሽ ወልዴ ጫማቸውን ጠየቀ። ዓመት ሙሉ ያልተራመዱበት ጫማ ምን ያሳያል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ገልብጦ አይቶ «የሄድክበት ቀን ያስታውቃል፤ ጥሩ ነበር የምትሄደው፤ ትመለስበታለህ» አላቸው። እንዲህ ያለ ሰው እግሬን ስለነካው እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

የኒካሁ ቀን እንሴኖ ስንደርስ ሀጂ ሽኩር በር ላይ ቆመው ነበር። ምርኩዝ ይዘው፣ የዚያን ካርቶን ጫማ አድርገው፣ ባለቤታቸው ከኋላ ተጠግታቸው፣ ግን ቆመው። እኔም ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ማንም ቶሎ ተቀመጡ እንዳይለን ፈለግሁ። አብዱ ከኋላዬ ሆኖ የእኔን ጫማ አየ፣ የሀጂን ጫማ አየ፤ ደጋግሞ አየ። ነገሩ ሲገባው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ በልጅነቱ ሰምቶ የረሳው መስሎኝ የኖርኩትን ቃል ተናገረ። «አባ» አለኝ፤ «የቲሞቹ ተገናኙ።»

ነፊሳን፣ ትዕግሥትን፣ ጋሽ ወልዴን አላህ ይጠብቅልኝ። ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ ይህ ነገር የገባባችሁ፣ ከእኔ ስህተት ተማሩ። አፉ የተጣመመ፣ እጁ የከዳው፣ ንግግሩ የተያዘበት ሰው ስታዩ ነፋስ ነው አትበሉ፤ ምንም ሳታቀምሱ ያኔውኑ ሐኪም ቤት አድርሱት። የግፊት መድኃኒታችሁን ደህና ነኝ ብላችሁ አታቁሙ፤ ደህና ያደረጋችሁ እሱ ነው። ድጋፍ ሲታዘዝላችሁ አትፍሩ፣ አትሸማቀቁበት፤ በራሳችሁ ልክ የተሠራውን አድርጉ እንጂ የሌላ ሰው አትዋሱ። እንግዳ ሲመጣ ብርድ ልብስ ውስጥ አትደበቁ።

ጫማ ከቸገራችሁ ደግሞ ቡታጅራ ኑ። ቁጥራችሁንና የታመመውን ጎን ብቻ ንገሩኝ፤ ጥንድ አፈርሳለሁ።